ትኬት ቆራጯ ሸምሲያ እና የሒክማ ልብ

ሸምሲያ ጃቢር በጎንደር መናኸሪያ ትኬት መቁረጥ የጀመረችው በሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰውን መናቅ የጀመረችውም እዚያው፣ ከሽቦ ወንፊቱ ጀርባ ተቀምጣ ነው። ወረፋ ላለመጠበቅ ሲል እናቱን በዓመት ሦስት ጊዜ የሚገድል የእህል ነጋዴ ታውቃለች። ሆዷ ላይ ትራስ አስራ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የፊት ወንበር ስጪኝ» ያለቻት ሴት ትዝ ትላታለች፤ አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ ትራሱ ወድቆ ረዳቱ አንስቶ ሰጥቷታል። የሚያለቅሰውን፣ የሚለማመጠውን፣ «እኔ ማን እንደሆንሁ ታውቂያለሽ?» የሚለውን ሁሉ በአንድ ዓይን ታያለች። ትኬቱን ትቀድዳለች፣ በወንፊቱ ሥር ትገፋለች፣ «ቀጥል» ትላለች። ባልደረቦቿ «ሸምሲያ ሰው አታይም፣ ዝንብ ነው የምታይ» ይሏት ነበር። ሰምታ አልከፋትም። ልክ ናቸው ብላለች።

ኡዘይርንም ያገኘችው በዚያው መስኮት ነው። በአራዳ ከታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ቤት የተወለደ፣ መልከ መልካም፣ ድምፀ ለስላሳ ጎልማሳ ነበር። አንድ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ መጥቶ፣ «እባክሽ ከመስኮት ዳር አታድርጊኝ፤ የዓባይን ገደል ሳይ እፈራለሁ» አላት። ሸምሲያ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ የተሳፋሪ ፊት አየች። ጎንደር ላይ እፈራለሁ የሚል ወንድ ገጥሟት አያውቅም። በዚያው ዓመት ተጋቡ። ምን ያህል እንደሚፈራ ግን ያን ጊዜ አልጠየቀችውም።

ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይመጣ ቆየ። የባሏ ቤተ ዘመዶች ያን ሁሉ ጊዜ በሆዷ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ሲመክሩ፣ ሲመርቁና ሲያሙ ከረሙ። ሒክማ በሐምሌ ሁለት ሺህ አንድ ስትወለድ ደግሞ ሁሉም ምርቃቱ የደረሰው የእኔ ነው አሉ። ሸምሲያ «ተካፈሉት» ብላ ልጇን ታቀፈች።

ልጅቱ ወር ሲሞላት ጡት መሳብ ያደክማት ጀመር። ሁለት ጊዜ ትስባለች፣ ታቆማለች፣ ግንባሯን ላብ ያጠምቃታል። ስታለቅስ ከንፈሯና የጣቶቿ ጥፍር ይጠቁራል። አራዳ ያለው መድኃኒት ሻጭ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ብርድ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጣት። ጎረቤቷ «ዓይን ነው» አለች። የባሏ አክስት «አርግዘሽ ፀሐይ ስታጠቁርሽ ከአንቺ ወርሳው ነው፤ ፀሐይ አታግኝሽ ብዬሽ አልነበረም?» አሉ። ሸምሲያ ሽሮፑን ደጅ ደፋችው።

«ጎንደር ውስጥ ሐኪም ያልሆንሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለችው ኡዘይርን። «ተነስ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

ሄዱ። የሕፃናት ክፍሉ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር በእናቶች ተሞልቷል። ተራቸው ሲቃረብ ኡዘይር «የታሸገ ውኃ ልግዛ» ብሎ ወጣ። ሸምሲያ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ ታዘበች። ከጭልጋ የመጣ ገበሬ ነው፤ ዕድሜው አርባ አምስት ቢሆን ነው። ሕፃን ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስጠግቷል። ሚስቱ፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት፣ ከግድግዳው ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰውዬው እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አንዴ ይገለብጠዋል፣ አንዴ ያቃናዋል፤ ማንበብ እንደማይችል ያስታውቃል። ሸምሲያ በልቧ «ይሄ አሁን ‹ወረቀቴን አንብቢልኝ› ብሎ ተጠግቶ ተራዬን ሊበላ ነው» አለች። በመስኮቷ እንደዚህ ያሉ ስንት አይታለች።

ሰውዬው ተጠጋት። «እህቴ፣ ልጅሽ ጠቁራለች» አላት። «ተራው የእኛ ነው፤ አንቺ ቅደሚ። የእኛዋ ሸጋ ተኝታለች።»

ሸምሲያ ተነስታ ገባች። እግዜር ይስጥልኝ አላለችም። የተኛችው ሕፃን የተኛችው በጤና እንዳልሆነ ያወቀችው በኋላ ነው።

ሐኪሙ ዶክተር ቢያዝን የሚባል፣ ጢሙን መላጨት የረሳ ወጣት ነበር። ልጅቱን አዳመጠ፣ በአልትራሳውንድ ልቧን ለረዥም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ወረቀት ስቦ አራት ክፍል ያለው ቤት የመሰለ ነገር ሣለ።

«ልብ አራት ክፍል አለው» አላት። «ይቺ የቀኝ የታችኛዋ ደም ወደ ሳንባ የምትገፋ ናት። በልጅዎ ላይ አላደገችም። ልጅዎ እስካሁን የኖረችው በመካከል ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ስላለ ነው።»

«ቀዳዳው በሽታ አይደለም?»

«ለሌላ ሕፃን በሽታ ነው። ለእሷ መተንፈሻዋ ነው።»

«ታዲያ የጎደለውን ክፍል ትሠሩላታላችሁ?»

«አይሠራም። ያልበቀለ ልብ ማብቀል የሚችል ሐኪም የለም። የሚለወጠው ደሙ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ አሁን፣ በሕፃንነቷ፣ ወደ ሳንባዋ ትንሽ ቱቦ ይገባላታል። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት ከራሷና ከእጆቿ የሚመለሰው ደም በልብ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገናኛል። ከፍ ስትል ደግሞ ከወገብ በታች ያለው። ከዚያ በኋላ ያላት ልብ ደም ወደ ሰውነቷ ብቻ ይረጫል፤ ለሳንባ አይደክምም።»

«ሦስት ጊዜ ትቀደዳለች ማለት ነው።»

«ሦስት ጊዜ።»

«በአንዱ ቢበቃንስ?»

«አንደኛው የሚያቆያት ለሁለተኛው እስክትደርስ ነው። ሁለተኛውም ለሦስተኛው።» ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። «ሥራው እዚህ የለም። አዲስ አበባ ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን አለ። ስሟን አስመዘግባለሁ። እንደምትድን ቃል አልገባልዎትም።»

ይህን ሰው አልናቀችውም። በዚያ ቀን ያላባበላት እሱ ብቻ ነበር።

ስትወጣ ኡዘይር አልነበረም። ውኃ ግዢው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የጭልጋው ሰውዬና ሚስቱ ገብተው እስኪወጡ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው። ሰውዬው ሲወጣ ፊቱ ምንም አልተለወጠም፤ ሚስቱን ግን በክንዱ ደግፏታል። ስሙን ነገራት፤ ስማቸው። ሚስቱ ደብሪቱ ናት። ልጅቱ ገና ስም የላትም።

«ያንቺዋ በየት በኩል ነው አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«በቀኝ።»

«የእኛዋ በግራ ነው።» ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አያት። «በግራ ያለው ደም ለሰውነት የሚረጨው ነው አለኝ። በዚያ በኩል ያላደገ እንደሁ መጀመሪያው ሥራ በተወለደች ሳምንት ነው የሚያዝ፣ እሱንም በዚህ አገር የሚሞክረው የለም አለኝ። ምነው፣ ቀኝና ግራ ስንዝር ይርቃሉ? በዚች ደረት ላይ ስንዝር አይሞላም።»

 ስማቸው ልጁን ሸፍኖ ሚስቱን ደግፎ ወደ በሩ ሄደ። እነሱ ሲወጡ ኡዘይር ሁለት የታሸገ ውኃ ይዞ ገባ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ደጅ ባቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንደቆየ ወዲያው ገባት። የሐኪሙን ሥዕል ስታሳየው ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ሰሊጥ ወደሚነግድበት ወደ መተማ ሄደ። ሰሊጥ ሊጫን ነው አለ።

ወሬው በአዲስ ዓለምና በአራዳ ሰፈሮች እስኪዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀም። ሰዎች ልጅቱን ለማየት ይመጡና ከንፈራቸውን መጠው፣ እሷን ልጅ እንደሞተባት እናት አጽናንተው ይሄዳሉ። ልጅቱ እዚያው ዓይኗን አፍጥጣ እያየቻቸው ነው። ሸምሲያ አንዷን ጎረቤቷን «ለቅሶው ገና አልተጠራም፤ ሲጠራ መጀመሪያ አንቺን ነው የማስጠራ» ብላ ከበር መለሰቻት። የኡዘይር ታላቅ ወንድም ሐቢብ መጥቶ ቁርጥ ያለ ምክር ሰጣት። የጨርቅ ሱቁ ትልቅ ነው፣ ምክሩም በዚያው ልክ ነው።

«ሸምሲያ፣ አንዲት ሕፃን ሦስት ጊዜ ማስቀደድ ግፍ ነው። ለአላህ ተዪያት። ገና ናችሁ፣ ይተካል።»

«ልክ ብለዋል ጋሼ ሐቢብ» አለችው። «እናትዎ ከእርስዎ በኋላ አራት ወልደዋል፤ እርስዎን የሚተካ ግን እስካሁን አላየሁም።»

ምርቃት መስሎት «አሚን» ብሎ ሻዩን ጠጣ።

በታኅሣሥ ከአዲስ አበባ ተጠራች። ኡዘይር በስልክ «ተከትዬ እመጣለሁ፣ አንቺ ቅደሚ» አላት። ሸምሲያ ለራሷ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ቆረጠች። ልጇን አዝላ ደብረ ማርቆስ አድራ በሁለተኛው ቀን ገባች። ኡዘይር አልደረሰም። በቀዶ ሕክምናው ቀን ሰባት ጊዜ ደወለ፤ ወደ እሷ አልነበረም፣ ወደ ሐቢብ ነው። ሐቢብ ወደ እሷ ይደውላል፣ እሷ ለሐቢብ ትነግራለች፣ ሐቢብ ለኡዘይር ይነግራል። በሦስተኛው ጥሪ ላይ «ለወንድምዎ ይንገሩልኝ፤ ስልክ አይነክስም» ብላ ዘጋችው።

ሒክማ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትወጣ በአፍንጫዋ፣ በአንገቷ፣ በጎኗ ቱቦ ተተክሎባት ነበር። ሸምሲያ ግን ሌላውን ሁሉ አላየችም፤ ያየችው ጥፍሮቿን ነው። ጥፍሮቿ ሮዝ ሆነዋል። አምስት ወር ሙሉ የልጇን ጥፍር በዚያ ቀለም አይታው አታውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ማንም ስላላያት ደስ አላት።

ወደ ሥራዋ በተመለሰች በወሩ፣ የቅዳሜ ገበያ ዕለት፣ በመስኮቷ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ትኬት አልጠየቀም። «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» አላት። ቀና አለች፤ ስማቸው ነው።

«ተሠራላት። አለች።»

«ተመስገን። ሸጋ።»

«የእናንተዋስ?»

«ዘጠኝ ቀን ቆየችልን» አለ ስማቸው። «ሰማንያ ቀኗን እንደማትደርስ ስናውቅ ቄሱን ቤት አምጥተን አስጠመቅናት። ፍሬሰላም ነው ያልናት። ዘጠኙንም ቀን ደረቴ ላይ ነበረች። ደብሪቱ ደክሟት ስለነበረ እኔው ነበርሁ የምይዛት። መሬት አላስነካኋትም።»

ከኋላው ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ። ሸምሲያ በወንፊቱ ላይ ወደ ወረፋው ዓይኗን ስታነሳ ሁሉም ዝም አለ።

«ያን ቀን ተራህን ወስጄ እግዜር ይስጥልኝ አላልሁህም» አለችው።

«ተራው ለእኛ ምን ያደርግልን ነበር እህቴ። የእኛ እንደሁ ከመጀመሪያውም መድኃኒት አልነበረውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ስማቸው ብላ ጠራችው። ለገበያ በመጣ ቁጥር በመስኮቷ ያልፋል፤ በወቅቱ የሽምብራ እሸት ይዞላት ይመጣል። ስለ ሒክማ ይጠይቃል፣ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። ምክር ሰጥቷት አያውቅም። መናኸሪያ ውስጥ ሸምሲያ ከወንበሯ ተነስታ የምታናግረው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ በጥቅምት ሁለት ሺህ አራት ሆነ። ያን ጊዜ ኡዘይር አዲስ አበባ ድረስ አብሯት መጣ። በእርግጥ የመጣው እስከ ግቢው በር ነው። «መርካቶ ዘመዶች ጋ አንድ ጉዳይ አለኝ» ብሎ በሩ ላይ ልጅቱን ስሞ፣ ሻንጣውን ለሸምሲያ ሰጥቶ ተመለሰ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ሒክማ ቁጭ ብላ ሾርባ መጠጣት ስትጀምር፣ ከልጅቱ የሚበልጥ አሻንጉሊት ተሸክሞ ገባ። የጅብና የውሻው ተረት ይሄ ነው፤ ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻው ሲጮኽ የመንደሩ ሰው ሁሉ «ጎበዝ ውሻ» ይለዋል። ነርሶቹም አሉት። «እንዴት የሚወድ አባት አላት» አሏት ሸምሲያን። ሸምሲያ አሻንጉሊቱን አልጋው ሥር ከተተችው።

ጎንደር ሲመለሱ ሐቢብ በግ አርዶ ዘመድ ጠራ። ሴቶቹ በወዲህኛው ክፍል፣ ወንዶቹ በወዲያኛው ተቀመጡ። በመጋረጃው በኩል የኡዘይር ለስላሳ ድምፅ ይሰማታል። ታሪኩን እየነገራቸው ነው። ሐኪሞቹ ልቧን አውጥተው በብር ሳህን ላይ እንዳስቀመጡት፣ እሱ በመስተዋት በኩል ቆሞ እንዳየ፣ ትልቁ ፈረንጅ ሐኪም ወደ እሱ ዞሮ በጣቱ ምልክት እንደሰጠው። «ስምንት ሰዓት በእግሬ ቆሜ ዱዓ ሳደርግ ነበር» አለ። ሰዎቹ «ማሻአላህ» ይላሉ። ሸምሲያ ተነስታ መጋረጃውን ገለጠች። ስምንቱን ሰዓት መርካቶ ውስጥ የት ሆኖ እንደቆመ ልትጠይቀው፣ ቃሉ ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። ሒክማ ግን በአባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ፣ ቀና ብላ ታየዋለች። ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአሻንጉሊቱ በቀር ምንም የገባት ነገር የለም። አባቷ ግን በዚያች ሰዓት በዓይኗ ተራራ አክሎ ነበር።

ሸምሲያ መጋረጃውን መለሰችው። በሕይወቷ ዋጥ ካደረገቻቸው ቃላት ሁሉ ያቺን ያህል የጎረበጣት የለም። ከዚያ በኋላ ባሏን የምትንቀው በዝምታ ሆነ። ምሳውን ትሰጠዋለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ ሲያወራ እንደ ሬዲዮ ታልፈዋለች። ፍቺ እንኳ አልጠየቀችውም። ለፍቺ ሽማግሌ ፊት መቀመጥ፣ መናገር፣ መስማት አለ፤ ኡዘይር ለዚያ ሁሉ ድካም የሚበቃ አልመሰላትም።

ሒክማ አደገች። ትምህርት ቤት ገባች። አስተዋይ፣ ቀልደኛ፣ ቀጭን ልጅ ሆነች። ስድስት ዓመቷን ስትይዝ ግን ከንፈሯ እንደገና መጥቆር ጀመረ። በጥምቀት ከጓደኞቿ ጋር ጭፈራውን ልታይ ቀሐ ወንዝ ወርዳ፣ ዳገቱን ስትመለስ ሦስት ጊዜ ቁጭ ማለት ነበረባት። ዶክተር ቢያዝን፣ አሁን ጸጉሩ ገባ ማለት የጀመረው፣ አይቷት «ጊዜው ደርሷል» አለ። ለሦስተኛው ሥራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሕፃናትን ወደ ሕንድ ይልካል፤ አብሮ መሄድ የሚችለው አንድ ወላጅ ነው። ለጉዞውም ለቀዶ ሕክምናውም ግን የአባትና የእናት ፊርማ ያስፈልጋል።

ሸምሲያ ያን ቀን ፈረመች። ወረቀቱን ለኡዘይር መተማ ላከችለት። ሳምንት አለፈ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ሲደወልለት ኔትወርክ የለም፣ ሰሊጥ እየተበጠረ ነው፣ ማህተም ያለው ሰው አልተገኘም። የማህተሙ ሰው ምን እንደሚሠራ ጠየቀችው፤ ራሱም አላወቀም። ድርጅቱ ቀን ቆረጠ፤ እስከ ዓርብ ወረቀቱ ካልደረሰ የሒክማ ቦታ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ሸምሲያ ማክሰኞ ማለዳ ልጇን ለእናቷ ትታ፣ ራሷ ትኬት ቆርጣ፣ የመተማ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

አይከልን አልፈው ቆላውን ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቷን መታት። ኡዘይርን ያገኘችው በአንድ መጋዘን ውስጥ፣ በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ከረዳቶቹ ጋር ሲስቅ ነው። ሲያያት ሳቁ ጠፋ። ረዳቶቹ ፊቷን አይተው ሳይታዘዙ ወጡ።

«ወረቀቱስ?»

ኡዘይር ከኪሱ አወጣው። አልጠፋም፣ አልተረሳም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በደረት ኪሱ ይዞት ስለዞረ በላብ ጠርዙ ተጨማዷል።

«ሸምሲያ፣ ሁለት ጊዜ ተርፋለች» አላት። «በእግሯ ትሄዳለች፣ ትማራለች፣ ትስቃለች። አሁን ለምን አንተዋትም?»

«ከንፈሯን መቼ ነው ያየኸው?»

«እኔ ፈርሜ እዚያ ብትሞትስ? በዚህ እጄ?» እጁን ዘረጋላት። «አልችልም። ካልፈረምሁ የሆነው ቢሆን የአላህ ነው።»

ሸምሲያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም አስጠላት።

«አንተ ያልደፈርኸውን ሁሉ ለአላህ ነው የምትሰጠው? ገደሉንም ለእሱ፣ ሆስፒታሉንም ለእሱ፣ ልጅህንም ለእሱ። ለአንተ የቀረው አሻንጉሊት መግዛት ነው።»

ኡዘይር አንገቱን ደፋ። ለሰባት ዓመት ያጠራቀመችው ስድብ ሁሉ በአፏ ሞልቶ ነበር፤ አንድ በአንድ ልትተፋው ትችል ነበር። ግን ዓርብ ቀርቧል፣ ስድብ ደግሞ አያስፈርምም። ጆንያ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ስለ ጭልጋው ሰው ነገረችው። ከዚያ በፊት ነግራው አታውቅም። ኮሪደሩን፣ ተራውን፣ ቀኝና ግራውን፣ ዘጠኙን ቀን።

«ያ ሰው ወረቀቱን ቢያገኝ በደሙ ይፈርም ነበር» አለችው። «የሚፈርምበት ወረቀት ነው ያጣው። አንተ በኪስህ ይዘኸው ትዞራለህ።»

ኡዘይር ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቃት። ፊርማው ተወላግዶ ከመስመሩ ወጣ። ሸምሲያ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ብላበት፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«በጣም ትጠይኛለሽ?» አላት።

«አልጠላህም። መጥላት ጉልበት ይፈልጋል፤ የእኔ ጉልበት ሥራ አለበት።»

በዚያው ቀን በመጨረሻው መኪና ተመለሰች።

ሕንድ ሁለት ወር ቆዩ። ሥራው አሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ በኋላ በሒክማ ደረት ውስጥ ውኃ እየቋጠረ አስቸገረ፤ ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ በጎኗ በተተከለ ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይንጠባጠብ ነበር። ሸምሲያ ቋንቋ አታውቅም፤ ከነርሶቹ ጋር የምትግባባው በጠርሙሱ ነው። ማለዳ ማለዳ ጠርሙሱን ታነሳለች፣ ነርሷ ራሷን ትነቀንቃለች ወይም ፈገግ ትላለች። በሃያ አራተኛው ቀን ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ አደረ።

ጎንደር ሲመለሱ አንድ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን ይዞ ቤቷ መጣ። «ለኢትዮጵያ እናቶች ምን መልእክት አለዎት?» ብሎ ጠየቃት።

«መልእክት የለኝም። ሥራ አለብኝ» አለችውና እንዲወጣ በሩን ከፈተችለት። ኡዘይር ግን ለግማሽ ሰዓት ተናገረለት። ተላለፈም ይባላል፤ እሷ አልሰማችውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሒክማ ዳገት ትወጣለች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቀመጥ። ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ ትውጣለች፣ በየወሩ ደሟ ይመረመራል። ዶክተር ቢያዝን እንዳለው ይህ ልብ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል የሚያውቅ የለም። ኡዘይር የመተማውን ሥራ ለሌላ ሰጥቶ ወደ አራዳው ሱቅ ተመልሷል፤ በየወሩ ለምርመራው ልጁን የሚወስዳት እሱ ነው። መርፌ ሲወጋ ማየት ስለማይችል ከበሩ ውጭ ይቆማል። አንድ ቀን ሸምሲያ ከሥራ ወጥታ ብትደርስ፣ ኡዘይር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል፤ ሒክማ ክንዷን በጥጥ ይዛ ወጥታ «አለቀ ባባ፣ ዙር» ትለዋለች። ሸምሲያ ከንፈሯን አጣመመች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ ሦስት ጊዜ የተቀደደች ልጅ ሃምሳ ዓመት የተጠጋውን ሰው ታጽናናለች።

ወደ ቤት ሲሄዱ ኡዘይር ዳቦ ሊገዛ ወደ ኋላ ቀረ።

«እማ» አለች ሒክማ። «ባባ ፈሪ ነው አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«አንቺ።»

«እኔ እንዲህ ብዬሽ አላውቅም።»

«ስታዪው ፊትሽ ይላል» አለች ልጅቱ። ትንሽ ሄዱ። «እኔም እኮ እፈራለሁ፤ ሕንድም ፈርቼ ነበር። እኔ ግን መሸሻ የለኝም፣ ውስጤ ስለሆነ። ባባ መሸሻ ነበረው፤ ቢሆንም አሁን አይሸሽም። በሩ ድረስ ይመጣል።»

ሸምሲያ «በሩ ድረስማ ድሮም ይመጣ ነበር» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው። የልጇን እጅ ያዘች፤ በልማድ ጥፍሮቿን አየች። ኡዘይር ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሮጦ ደረሰባቸው። ለሁለቱም ከሙቁ ቆርሶ ሰጣቸው። ሸምሲያ ተቀበለችው። አላመሰገነችውም፤ ግን ከጎኗ እንዲሄድ ቦታ ለቀቀችለት።